ሁለት ወቅት ቀረልን፤ ጭቃና አቧራ

ዓመቱን ለአራት የከፈሉት አባቶች ቡራዩን አላዩም። ቢያዩ ኖሮ ብራናውንም ቀለሙንም ቆጥበው «ጭቃ፣ አቧራ» ብለው በአንድ መስመር ይጨርሱት ነበር። እኛ ሰፈር ክረምት ማለት አንድ እግር ጫማ ጭቃ ውስጥ የሚቀርበት፣ በጋ ማለት ደግሞ የተረፈው እግር ቀለሙ ምን እንደነበረ የሚረሳበት ጊዜ ነው። በመካከል ጭቃው ደርቆ ገና መቦነን ያልጀመረባቸው ጥቂት ሳምንታት አሉ። ድሮ መፀው የምንላቸው እነሱን ይመስለኛል።

«ስሞታ አበዛህ» ትለኛለች ባለቤቴ። ታዲያ ምን ላብዛ? ስኳር እንዳላበዛ ሐኪም ከልክሎኛል፤ ጨው እንዳላበዛ እሷ ከልክላኛለች። የቀረኝ ስሞታ ነው፤ እሱም ዋጋ ስላልወጣለት ነው የቀረኝ።

ልጆቼ ተበትነዋል። እኔ ቡራዩ ነኝ። ወንዱ ሰበታ ገብቷል፤ ሴቷ ሱሉልታ የወተት ላሞች ታረባለች። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስታችንም ሸገር ከተማ በሚባል አንድ ስም ሥር ነን ተብለናል። ስሙ አንድ ሆነ እንጂ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ለመሄድ ዛሬም አዲስ አበባ ገብቼ፣ ታክሲ ለውጬ፣ ተሰልፌ፣ እንደገና ለውጬ ነው። ከዚህ ሁሉ መንከራተት ያተረፍኩት ነገር ቢኖር አንዱን ወቅት በሦስት ከተማ ማየቴ ነው። ስለዚህ ስሞታዬ በማስረጃ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እናስተካክል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው፤ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25። ሁሉም በ26 ይገባል፣ በ25 ቁልፉን አስረክቦ ይወጣል። እንዲህ ያለ ተከራይ ለእኔም በሰጠኝ! ጎረቤቴም በኦሮምኛ ሲቆጥር አራት ነው የሚለው፤ ገና፣ ቢራ፣ ቦና፣ አርፋሳ። እኔና እሱ በአጥር እንጣላለን እንጂ በወቅት ተጣልተን አናውቅም። የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች ግን ወቅት ሦስት ብቻ ነው አሉ፤ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም። መፀውን የት እንዳደረሱት ልጄን ብጠይቀው «አባባ፣ እነሱ የሚቆጥሩት ዝናብ ነው» አለኝ። ይሁን። አበባ የሚቆጥር መሥሪያ ቤት ስለሌለ የአበባው ወቅት ሜዳ ላይ ቀረ።

ይህ ሁሉ ሳያንስ በቀደም የልጅ ልጄ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። አራት ሣጥን፣ አራት ሥዕል፣ ቀለም ቀቢ ተብላለች። በአንደኛው ሣጥን ነጭ ነገር ተቆልሎ ሰው ሆኗል፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ፣ በአፍንጫው ቦታ ካሮት።

«ይሄ ማነው?» አልኳት።

«ክረምት ነው አባባ።»

ክረምት! እኔ የማውቀው ክረምት ካሮት አፍንጫው ላይ ሰክቶ አይቆምም። ካሮቱን ከነመደቡ ጠርጎ ወንዝ ይከታል። በሁለተኛው ሣጥን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የሚረግፍ ዛፍ አለ። እኛን ግን ከእንጦጦ እስከ ወጨጫ ተራራ የከበበን ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ጊዜ መጥቶ ከቆመበት ቀን ጀምሮ ለወቅት ብሎ ልብሱን ሲቀይር ያየ የለም። በሦስተኛው አንድ ሰው ዣንጥላ ተክሎ ባሕር ዳር ተጋድሟል። «በጋ ነው» አለችኝ። ገፈርሳ ግድብ ዳር ሄዶ እንዲያ ለመጋደም የሚሞክር ካለ ዘበኛው መልሱን ይሰጠዋል።

ከሁሉም የከነከነኝ ግን በትምህርት ቤት የምትማረው መዝሙር ነው። ዝናብን ሂድ፣ ሌላ ቀን ተመለስ እያለ የሚያባርር የእንግሊዝኛ መዝሙር ያስተምሯቸዋል። የእንግሊዝ ልጅ ቢዘምረው አይገርመኝም፤ እሱ ዘንድ ዝናቡ ወቅት አይለይም። የ1977ን ድርቅ ያየ ሰው ግን ዝናብን ሂድ አይልም። በዚያን ዘመን በየቤተ ክርስቲያኑ ምሕላ ተይዞ የተለመነውን ነገር ዛሬ ሕፃናት እያጨበጨቡ ሲሸኙት ስሰማ ጋቢዬን ተከናንቤ እወጣለሁ።

የፈረንጅ ወቅት የብርድና የሙቀት ነው፤ የእኛ የውሃ ነው። እኛ ወደ ምድር ወገብ ስለቀረብን ፀሐይ ብዙም አትርቀንም። የሚመላለሰው የዝናቡ መቀነት ነው። በሰኔ ወደ ሰሜን ይወጣና ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣውን እርጥበት ያራግፍብናል፤ በመስከረም ወደ ደቡብ ይመለሳል። ስለዚህ እኛ አገር በአንድ ወርና በሌላው መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ይልቅ በታኅሣሥ ጠዋትና በዚያው ቀን ቀትር መካከል ያለው ይበልጣል። ጋቢ ለብሼ ወጥቼ ጋቢ ተሸክሜ የምመለሰው ለዚህ ነው። ባለቤቴ ግን እርጅና ነው ትላለች።

ክረምት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሱሉልታ ነው። ሌላው ከተማ ይዋሰዋል እንጂ የራሱ የለውም። ከእንጦጦ ጀርባ ስትወርዱ ያ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋው ሜዳ ከሐምሌ እስከ መስከረም ረግረግ ነው። ውሃው ሲገባ ይታያል፤ ሲወጣ ያየው የለም። ልጄ ቦቲ ጫማ ገዝታ በር ላይ አስቀምጣልኛለች። እኔ ቦቲ አላደርግም። በሸራ ጫማዬ ገብቼ፣ ያለ ሸራ ጫማዬ ወጥቼ፣ «አልነገርኩህም?» ስባል መስማትን እመርጣለሁ።

ያ የእንጦጦ ሰንሰለት ዝናቡን ለሁለት ያካፍለዋል። በእኛ በኩል፣ ቡራዩና ሰበታ ላይ የወደቀው በትንንሾቹ ወንዞች አድርጎ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር የሚባል ነገር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ሱሉልታ ላይ የወደቀው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። ከአንድ ደመና የወጣ ውሃ ነው፤ አንዱ ካይሮን ሲያይ ሌላው አሳይታ ላይ ይጠጣል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ልጄ ደወለችልኝ። «አባባ፣ ደጃፌ ላይ የተኛው ውሃ መብራት ሊያመነጭ ነው የሚሄደው!» አለች። እኔም ኮራሁ። የቡራዩው ጎርፍስ ምን ያመነጫል ብዬ ልጠይቃት ስል ስልኬ ባትሪው አለቀ።

ድሮ ክረምት ሲባል አፍንጫ ነበር የሚያውቀው። የእርጥብ ባሕር ዛፍ እንጨት ጭስ፣ ከሰል ላይ የሚንጣጣ በቆሎ፣ ምድጃ ዙሪያ የሚደርቅ የእረኛ ልብስ። ትምህርት የሚዘጋው ልጅ ጭቃ እንዲያቦካና እንዲያርፍ ነበር። አሁን ልጁ ሰኔ ላይ ፈተና ጨርሶ ሐምሌ ላይ «የክረምት ኮርስ» ይገባል። ዓመቱን ሙሉ የተማረውን እንዳይረሳ ነው ይሉኛል። እኛ እንድንረሳ ነበር የሚለቁን፤ ረሳንም፤ ይኸው አለን።

ቡሄስ? ነሐሴ 13 ሲመጣ የጅራፍ ድምፅ ከወጨጫ እስከ መናገሻ ይሰማ ነበር። አሁን ጅራፍ የሚገምድ ልጅ የለም። ርችት ይተኩሳሉ፤ የእኔ በግ ሁለት ቀን ሣር አትበላም። አምና ሆያ ሆዬ ሊሉ የመጡት ልጆች ዱላቸውን እየመቱ በደንብ ጨፈሩልኝ። ሙልሙል አምጪ ብዬ ባለቤቴን ስጠራ አለቃቸው ቀረብ ብሎ፣ በትሕትና ነው ታዲያ፣ «አባባ፣ ዝርዝር ከሌለዎት በቴሌብር ይላኩልን» አለኝ። ቁጥሩን በቃሉ ነው የያዘው። ዘፈኑን ግን ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ አያውቀውም።

የክረምት ሌላው ነገር ችግኝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን 353 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ተብሎ ሲታወጅ እኔም ከሰፈሩ ሰው ጋር ወጥቼ አንድ ጽድ ተክያለሁ። መስከረም ሳይጠባ የጎረቤት ፍየል በላችው። ከሰበታ በላይ ወጨጫ ላይ ያለውን የሱባን ደን በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። እስከ ዛሬ ቆሟል። ያን ጊዜ ፍየል አልነበረም ወይ? ወይስ የንጉሥ ችግኝ ትፈራ ነበር?

ወደ መስከረም ስመጣ ነው ደሜ የሚፈላው። አደይ አበባ ዘሪ የላት፣ ውሃ አጠጪ የላት። ዝናቡ ሊወጣ ሲል ባልታረሰ መሬት፣ በእርሻ ዳር፣ በመንገድ ጠርዝ ራሷ ትወጣለች። ሳምንታት ቆይታ ትሄዳለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም ያልነካው ክፍት መሬት። እሱን ነው የጨረስነው። ከቡራዩ በላይ ያለው ዳገት በመስከረም ዓይን እስኪወጋ ድረስ ቢጫ ይሆን ነበር። አሁን ከላይ እስከ ታች የቆርቆሮ አጥር ነው። ቆርቆሮ ላይ ምን ያብባል? ማስታወቂያ። በአጥሩ ሥር ኮብልስቶን፣ በኮብልስቶኑ ሥር ጠጠር፣ በጠጠሩ ሥር እንግዲህ አደይ ካለች ወጥታ ትናገር።

ይህን ስል ባለቤቴ ቡናዋን እየቀዳች «ያንተስ ቤት የተሠራው ምን ላይ ነው?» አለችኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

እንቁጣጣሽ ዕለት ልጃገረዶቹ አበባየሆሽ እያሉ ሲመጡ እጃቸው ላይ ያለው የላስቲክ አበባ ነው። የወንዶቹ ሥዕልም እንደዚያው። ድሮ ልጁ ራሱ መልአኩን ሥሎ፣ ክንፉን ቢጫ፣ ሰይፉን ቀይ አድርጎ ነበር የሚያመጣው። ክንፉ አንዱ ከሌላው ቢበልጥም ልፋቱ ይታይ ነበር። አሁን ፎቶ ኮፒ ነው። ጥቁርና ነጭ መልአክ፣ ያውም የማሽኑ ቀለም ሊያልቅ ሲል የወጣ። ሰው ሁሉ ያንኑ ስለሚያመጣ አምና አንድ ዓይነት መልአክ በአምስት ቅጂ ተቀብያለሁ።

አበባ ጠፋ ማለቴ አይደለም። በሰበታም፣ በሱሉልታም፣ በሆለታም መንገድ ሂዱ፤ በነጭ ላስቲክ የተሸፈነ ሜዳ ታያላችሁ። በውስጡ ጽጌረዳ ነው። አበባ ወደ ውጭ በመላክ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥለን ሁለተኛ ነን ይባላል። ጽጌረዳው ሌሊት በቦሌ ተጭኖ ሆላንድ ይገባል። ገበያው የሚደራው ደግሞ መቼ መሰላችሁ? ለፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን፣ በእኛ የካቲት 6 ወይም 7። አገር ምድሩ ደርቆ፣ ላሚቱ ግንድ በምትልስበት በየካቲት፣ ከሰበታ አጠገብ ቀይ አበባ ያብባል! ክረምት አያስፈልገው፣ መስከረም አያስፈልገው። ቱቦ አለው። ሥራ አገኙበት፣ ብዙ ሴቶች እንጀራ በሉበት፣ እሱን አልቃወምም። ግን አበባው ወቅቱን ለእነሱ ቀን ሲያስተካክል የእኛ መስከረም ምን ቀረው?

ከመስቀል በኋላ ደግሞ ኢሬቻ ይመጣል። ጎረቤቶቼ ነጭ ለብሰው፣ ለምለም ሣርና አበባ ይዘው፣ ክረምቱን በሰላም ላሻገራቸው ፈጣሪ ምስጋና ሊያቀርቡ ወደ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ይወርዳሉ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ላይም ይከበራል። አንዷ ጎረቤታችን ሣሩን ከየት እንዳመጣችው ብጠይቃት «ገዛሁት» አለችኝ። ቡራዩ ተወልዳ ያደገች ሴት ሣር ገዛች። ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን፤ ከዚያ ስንት እንደገዛችው ነገረችኝ፤ ዝምታችን ረዘመ።

መስከረም 25 የክረምት የመጨረሻዋ ቀን ናት ብያለሁ። በ2009 ዓ.ም. ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚዘልቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው በዚያችው ቀን ነው። ልጄ «አባባ፣ ባሕር ወደ ሰበታ መጣ!» ብሎኝ ነበር። ባሕሩን ተዉት፤ እሱ ራሱ ከሰበታ ቡራዩ መምጣት አቅቶት ፋሲካን በስልክ ነው የሚያስፈታኝ።

መፀው ላይ የምጨክነው ትንሽ ነው፤ የእሸት ወቅት ነውና። የባቄላ እሸት ተፈልፍሎ ሲበላ ስሞታ ለመናገር አፍ ቦታ የለውም። ዋናው ነገር ግን ሣሩ ነው። የሱሉልታ ሰው ሜዳውን ክረምቱን ሙሉ ከከብት አጥሮ ያቆየውና በጥቅምትና በኅዳር ያጭደዋል፤ ያደርቀዋል፤ በእስር በእስር አድርጎ ይሸጠዋል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የወተት ላም የምትበላው ያንን ነው። ኅዳር ላይ በጎጃም መንገድ የሚወርደው ኢሱዙ ሁሉ ከራሱ ቁመት በላይ ድርቆ ተጭኖበት፣ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ነው። ከኋላው የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሆናችሁ በመስኮት የሚገባው ሽታ ግን፣ አላጋንንም፣ ከዓመቱ ሽታዎች ሁሉ አንደኛ ነው። ለእኔ መፀው እሱ ነው። ሜዳው በየዓመቱ በመጋዘንና በፋብሪካ እየጠበበ ስለሆነ መኪናውም እየቀነሰ፣ ዋጋውም እየናረ ነው። የሣር ዋጋ ሲወጣ ወተት ይወጣል፤ ወተት ሲወጣ ልጄ ትደሰታለች፤ ልጄ ስትደሰት እኔ ለምን አዝናለሁ? ቡናዬን በወተት ስለምጠጣ ነው።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል ነበር። ብርዱ ሲገባ ሰውነት መጠገን አለበት ማለት ነው። ዘንድሮ የአጥንቱን ዋጋ ጠይቄ ወደ ሽሮዬ ተመልሻለሁ። የጥቅምቱ ብርድ ግን ዋጋውን አልሰማም፤ በሰዓቱ መጣ።

ኅዳር 12 ደግሞ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ነው፤ ኅዳር ሲታጠን። ነገሩ የመጣው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲጨርሳት ነው። ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሰው አለቀ፤ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ተረፉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ደጁን ጠርጎ ማጠን ልማድ ሆኖ ቀረ። አያቴ የምታጤሰው ገለባ፣ ደረቅ ቅጠልና የግቢ ጥራጊ ነበር። ዛሬ ሰፈራችን የሚያጤሰው የውሃ ፕላስቲክ፣ የሕፃን ዳይፐርና የተበላሸ ፍራሽ ነው። በሽታውን ለማባረር ነው የሚሉት። አይቼዋለሁ፤ የሚባረረው እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ ላይ ሱሉልታ አድሬ ማለዳ ስወጣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ አገኘዋለሁ። በዚያ ሰዓት፣ ዶሮ እንኳ ከቆጥ ለመውረድ በምታመነታበት ሰዓት፣ ቁምጣ የለበሱ ልጆች በቡድን በቡድን ሆነው ይሮጣሉ። ቀነኒሳ በቀለ እዚያው ሱሉልታ የመሮጫ መም አሠርቷል፤ አየሩ ሳሳ ስላለ ለሳንባ ጥሩ ነው ብለው ከውጭ ሳይቀር ይመጣሉ። የሚያሳድዳቸው ሳይኖር እንዲህ መሮጣቸው በመጀመሪያ ያስደነግጠኝ ነበር። አሁን ለምጄ ሰላምታ እሰጣቸዋለሁ፤ እነሱ ግን መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አይቆጥቡም።

በጋ የገንዘብ ወቅት ነው። የነቢያት ጾም በገና ይፈታል፤ ዐቢይ ጾም ከፊት ይጠብቃል። በመካከል ያለችው ጥር ናትና ልጁን የሚድር ሁሉ እሷ ላይ ይሰፍራል። ጥር 10 ታቦት ወርዶ በ11 ከተመለሰ በኋላ የሠርግ ካርድ በር ሥር ሲገባ ውሎ ያድራል። በሰበታ የጅማው መንገድ ላይ ድንኳን ያልተተከለበት ቅያስ አታገኙም። የጭነት መኪናው አቧራውን ያነሣል፣ አቧራው ሙሽራዋ ቬሎ ላይ ያርፋል፣ ዲጄው ከአቧራው በላይ ይጮኻል። በ1950ዎቹ እዚያ የተተከለው የሜታ ቢራ ፋብሪካ ሳይኖር ሰው በጠላ ይዳር ነበር። ጠላ ተጠንስሶ እስኪደርስ ድረስ ሰው መጪውን ድግስ እያሰበ ሽታውን እያሸተተ ይጠብቅ ነበር። አሁን ሳጥኑን ጭኖ መምጣት ነው፤ ምን ጥበቃ አለ?

የሰበታን በጋ የሚያስምረው አንድ ነገር የሽምብራ እሸት ነው። ከበቾ ሜዳ፣ ክረምቱ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ትቶት በሄደው እርጥበት ብቻ የበቀለ። በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ መንገድ ዳር ይሸጣል። ያንን እየፈለፈልኩ ታክሲ ውስጥ ስሄድ ወጣቱ ሁሉ ስልኩን እየነካካ ነው፤ ልጣጩን መሬት ጣልክ ብሎ የሚቆጣኝ ግን አይጠፋም።

የቡራዩ በጋ ጀሪካን ነው። ገፈርሳ ከለገዳዲ በፊት ጀምሮ አዲስ አበባን ያጠጣ ግድብ ነው፤ ከቤቴ ብዙ አይርቅም። ውሃው በደጃችን ያልፋል፤ እኛ ዘንድ በፈረቃ ይመጣል፣ ያውም ሌሊት። መጋቢት ሲገባ ሌሊት ተነሥቼ ቧንቧውን አዳምጣለሁ። ድሮ በዚያ ሰዓት የሚነሣ ሰው ሰዓታት ለመቆም ነበር።

ስለ ጸደይ ብዙ አልልም፤ እሱም ብዙ አይለኝም። የበልግ ዝናብ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል፣ አንድ ዓመት የፋሲካ ዕለት ብቻ መጥቶ ዶሮ ወጡን ያቀጥናል። ግንቦት ልደታን ግን አመሰግናለሁ። የሰፈሩ ሴቶች ደጅ ወጥተው ንፍሮ ሲቀቅሉ፣ ቀድሞ የነበረው ሰውና ትናንት ኮንዶሚኒየም የገባው ሰው ከአንድ ሰፌድ ይዘግናል። ባለፈው ግንቦት አንዱን አዲስ ጎረቤት በአካል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚያ ቀን ነው። መኪናውን ግን ዓመት አውቀዋለሁ፤ ጭቃ ይረጨኝ ነበር።

አሁን ኅዳር አጋማሽ ነው። ልጄ ከሱሉልታ ለበጎቹ አንድ መኪና ድርቆ ልካልኝ ዛሬ ጠዋት አራግፈን ደጅ ከመርነው። ከሰዓት በኋላ ከሰበታ ወንዱ ደወለ።

«አባባ፣ ነገ ዝናብ አለ ይላል፤ ሣሩን ሸፍኑት።»

«ማነው ያለው?»

«ስልኩ።»

«መፀው ነው! ክረምት በመስከረም 25 ወጥቷል! ኅዳር ላይ ምን ዝናብ አለ?»

«ጤፉም ሜዳ ላይ እንዳለ ነው የሚመታው አባባ። ሸፍኑት።»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። በመናገሻ በኩል ጠቆር ያለ ነገር ተሰብስቧል። ጭስ ነው አልኩ። ባለቤቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ከጓዳ ወጣች። «አንተ ከሰማዩ ጋር ተከራከር፤ እኔ ሸራውን ላምጣ» አለች።

ሸራው የለም። ባለፈው ጥር ወንዱ ልጃችን ለሠርግ ድንኳን መደረቢያ ብሎ ወደ ሰበታ ወስዶት እስከ ዛሬ አልመለሰውም። መልሼ ደወልኩለት፤ አላነሣም።